ጋሼ ምናልባት እና የሦስቱ ቀን ዜሮ

አዎ ወይም አይደለም ማለት የማይሆንለት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተሠራም። ሕንፃው ተለስኖ ሳያልቅ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ እሱ አስቀድሞ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ይዟል። ቀኑ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ "ማክሰኞ ሳይሆን አይቀርም" ይላል። ፋይሉ የት እንደገባ ሲጠየቅ "ከሁለት ቦታዎች በአንዱ" ይላል፤ ሁለቱን ቦታዎች ግን አይናገርም። እንዲህ ያለው ሰው መዝገብ ቤት ሲቀመጥ ባለጉዳይ ያስለቅሳል፤ ሆስፒታል ሲቀመጥ በሽተኛ ያስደነግጣል። አየር ትንበያ ቢሮ ሲቀመጥ ግን ይሾማል።

ሊቀ ጥርጣሬ፣ የ"በከፊል" ባላባት፣ ክቡር ጋሼ ምናልባት ከከተማው ጫፍ ባለችው ባለ አንድ ፎቅ የትንበያ ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደሞዝ ሰነድ ብቻ ነው። ጃንጥላና የፀሐይ መነጽር ምንጊዜም አብረው ይይዛሉ። ካፌ ገብተው "ሻይ ወይስ ቡና?" ሲባሉ "እንደ ሁኔታው" ስለሚሉ አስተናጋጇ ሁለቱንም አምጥታ ታስቀምጣለች፤ ቀድሞ የበረደውን ይጠጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን "ይጠር?" ቢላቸው "በአንዳንድ ስፍራዎች" አሉት። ሰውየውም ቃላቸውን አክብሮ በአንዳንድ ስፍራዎች አሳጠረው።

በጋብቻቸው ቀን የከተማው ሹም "ይህችን ሴት በሚስትነት ይቀበላሉ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "አሁን ባለው ሁኔታ፣ አዎ" አሉ ይባላል። ሚስታቸው ይህ ታሪክ ሲነሳ አይከፋቸውም። "ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው፤ ሁኔታው እስካሁን አልተለወጠም" ይላሉ።

ሰው መቼም ምክንያት ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። "በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ አይዘንብም ብለው፣ ዘንቦ፣ ሰው ተጎድቶ ነው" የሚል ወሬ ከተማውን ይዞራል። የቢሮው መሣሪያ ጠጋኝ አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው።

"ኧረ የለም" አሏት። "አባቴም እንዲሁ ነበር።" ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። "ይመስለኛል።"

ይህች ጠጋኝ የዝናብ መለኪያውን የምታጥብ፣ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚውን ዘይት የምትቀባ፣ ስልኩ ሲበላሽ ሆዱን ከፍታ የምታይ ሴት ናት። ከሙያ ትምህርት ቤት ይዛ የወጣችው እምነት አንድ ነው፦ ቡሎን ወይ ጠብቋል ወይ አልጠበቀም። ምናልባት የጠበቀ ቡሎን ሰው ይገድላል። ከጋሼ ምናልባት ጋር በአንድ ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ታዲያ ጥርሷን ነክሳ ነው። ጠዋት ስትገባ "እንደምን አደሩ ጋሼ?" ትላለች። "በአብዛኛው ደህና" ይሏታል። መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ጠንከር አድርጋ ታስቀምጣለች።

አዲሱ ኃላፊ በመጣ በሁለተኛው ወር ቀይ ብዕር ይዞ ወደ ክፍላቸው ገባ። ወጣት ነው፤ ጫማው ይጮኻል። የጋሼን ሳምንታዊ ትንበያ ገና ሳይቀመጥ ነበር ያነበበው።

"ሳምንቱ በአብዛኛው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በላይኛው ተፋሰስ፣ በአንዳንድ ስፍራዎች፣ ምናልባት..." ብሎ ቀና አለ። "ጋሼ፣ ይሄ ትንበያ ነው ወይስ ይቅርታ መጠየቂያ?"

"ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለበት።"

"ሕዝብ መልስ ነው የሚፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቢሮ ምናልባት የሚባል ቃል አልፈልግም።"

ቀዩ ብዕር ወረደ። ከአሥራ አምስት ቃላት የተረፉት ሦስት ነበሩ፦ ሳምንቱ ደረቅ ነው። ጋሼ ምናልባት ወረቀቱን ከአንድ ሰው ፎቶግራፍ ላይ ዓይን የተፋቀ ይመስል ትክ ብለው አዩት።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን ማለት ነው?"

"እንደ ሁኔታው" አሉና መነጽራቸውን ጠረጉ።

ጠጋኟ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበበችውና ልቧ ሞቀ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቢሮ የወጣ የመጀመሪያው የጠበቀ ቡሎን ነው። በዚያው ቀን በራዲዮ ተነገረ። በዚያው ቀን ታናሽ ወንድሟ ደወለላት።

ወንድሟ ከከተማው በታች፣ ከድልድዩ ሥር፣ አሸዋ የሚያወጡ የአርባ ሰዎች አለቃ ነው። ምርጡ አሸዋ ከደረቀው ወንዝ መሃል ነው ያለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ጋሼን ጠይቂልኝ፣ መሃል እንውረድ?" እያለ ሲጨቀጭቃት፣ ጋሼም ምናልባት እያሉ ሲመልሱ፣ አርባው ሰው ከዳር ዳር ጠጠር የተቀላቀለበትን ሲጭር ከርሟል።

"እታለም፣ ሰማሁ እኮ። ደረቅ ነው አሉ አይደል?"

"ነው። በማኅተም።"

"ተመስገን። ሰውየው ዳኑ ማለት ነው?"

"ሰውየው አልዳኑም፤ ተቆርጠው ነው።"

ሰኞ ጠዋት አርባው ሰው ሦስት የጭነት መኪና፣ ወንፊቱንና አካፋውን ይዞ ወንዙ መሃል ወረደ። የቆርቆሮ ዳስም ሠራ።

ሳምንቱ በእርግጥ ደረቅ ነበር። ጠጋኟ ግን እንዲህ ያለ ድርቀት አይታ አታውቅም። በልግ ነው፤ ነፋስ ሊኖር፣ ደመና ሊመላለስ ይገባል። ሰማዩ በአቧራ ተሸፍኖ ወደ ተራራው አቅጣጫ የሚታይ ነገር የለም። ፀሐይዋ ጭስ እንደገባበት መስታወት ደብዝዛ ትወጣለች፤ በቀትር እንኳ ሰው ጥላ የለውም። የመንደሩ ውሾች መጮህ ትተው ከግድግዳ ሥር ተጋድመው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ወንዙ፣ ያያሉ።

ማክሰኞ ዕለት የነፋስ ጠቋሚው ከትናንት ጀምሮ አለመነቃነቁን አየች። ዝጎ ነው ብላ መሰላል ላይ ወጣች። በጣቷ ነካ ስታደርገው ዘይት እንደጠገበ በር ያለ ድምፅ ዞረ። ለቀቀችው። ቀስ ብሎ ተመልሶ ወደ ተራራው አመለከተ። ነፋስ ግን የለም፤ ከንፈሯን አርሳ ብትሞክር እንኳ የለም።

የትነት መለኪያው ገበታ ላይ ያለው ውሃ በአንድ ሌሊት ከሚጎድለው እጥፍ ጎደለ። ቀዳዳ ፈለገች፤ የለም። ረቡዕ የእርጥበት መዝጋቢው ብዕር ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር እያሰመረ ውሎ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ ሠራና ወደ መስመሩ ተመለሰ። እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ። ፈታችው፣ አጸዳችው፣ ገጠመችው። ደህና ነው። መሣሪያ ጠጋኝን የተበላሸ መሣሪያ አያስፈራትም። የሚያስፈራት የተበላሸ መስሎ ሲከፈት ደህና የሆነ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሁሉም እንደዚያ ነበር።

ማታ ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ቤቷ ጎራ አለ።

"አሸዋው ቆንጆ ነው" አላት። "አንድ ክንድ ስትቆፍሪ ይቀዘቅዛል። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚውሉት። ደግሞ እንቁራሪት ይጮኻል።"

"በደረቅ ወንዝ?"

"ከአሸዋው ሥር። እኛ ዝም ስንል ይጮኻል፣ ስንናገር ዝም ይላል።" ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

አሁን ወደ ዜሮው እንምጣ።

ወንዙ ከሚነሳበት ተራራ ላይ አንድ የዝናብ መለኪያ አለ። በየማለዳው አንብበው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደውሉት አሮጊት እማማ ላይኛዋ ይባላሉ። እማማ ላይኛዋ ቁጥሩን በቀጥታ ተናግረው አያውቁም። መጀመሪያ ስለ ዶሮዎቻቸው፣ ቀጥሎ ስለ ወገባቸው፣ ከዚያ ስለ ልጃቸው እርግዝና ይተርካሉ። ቁጥሩ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም፤ "ዜሮ ነው፣ ግን ትንሽ ጤዛ አለበት፣ ምን ልበል?" ይላሉ። ጋሼ ምናልባት "ጤዛ ይበሉ" ይሏቸዋል። ሁለቱ በስልክ ሲገናኙ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ፤ ሲዘጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይመዘገባል።

በዚያ ሳምንት ስልክ ተቀባይዋ ፈቃድ ስለወጣች ስልኩን ያነሳችው ጠጋኟ ነበረች። ማክሰኞ ልክ በሦስት ሰዓት ጮኸ።

"ዜሮ" አለ አንድ የወንድ ድምፅ። ተዘጋ።

ጻፈችው። ደስ አላት። ዶሮ የለ፣ ወገብ የለ። ሥራ ማለት ይሄ ነው። ከድምፁ ጀርባ ብቻ መስመሩ ይንሾካሾካል፤ ዘይት መጥበሻ ላይ እንደሚንጨረጨር። ገመዱ ይሆናል ብላ ቀየረችው። ረቡዕ ልክ በሦስት ሰዓት፣ "ዜሮ።" ተዘጋ። መንሾካሾኩ እንዳለ ነው። መናገሪያውን ፈታ በአልኮል ጠረገችው። ሐሙስ ልክ በሦስት ሰዓት፣ "ዜሮ።" አሁን የበለጠ ይጮኻል።

"ይሄ የተራራው መስመር ሊበጠስ ነው" አለች መዝገቡ ላይ እየጻፈች። "ቁጥሩ ግን ንጹሕ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮ።"

ጋሼ ምናልባት ከመስኮቱ በኩል ዞር አሉ። "ጤዛውስ?"

"የለም። ዜሮ ነው የተባለው።"

"ትንሽም?"

"ጋሼ፣ ዜሮ ማለት ዜሮ ነው።"

"ስለ ዶሮዎቹ ምን አሉ?"

"ስለ ዶሮ ምንም አላለም።"

"አላለም?" አሉ። "ወንድ ነው?"

የጠጋኟ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አንተ ማነህ ብላ አልጠየቀችም። ለምን እንዳልጠየቀችም ያን ጊዜ ገባት፤ መልሱ አጭር ስለነበረ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጓጓችለት አጭር መልስ ሲመጣላት፣ ከየት መጣ ብላ አላየችውም።

"ያ ጣቢያ ረግረግ አጠገብ ነው ያለው" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። "በሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ ንጹሕ ዜሮ መጥቶ አያውቅም። ወይ ጤዛ አለ፣ ወይ ጉም አለ። ዜሮ ማለት ያየው ሰው የለም ማለት ነው።" ቆሙና ጨመሩ። "ደውዪ እስቲ።"

ደወለች። ያው ድምፅ አነሳ።

"ማን ልበል?" አለችው።

"ባለሱቁ ነኝ። የእማማ ላይኛዋ ጎረቤት። ልጃቸው ምጥ ይዟት ወደ እሷ ሄደዋል። ወረቀቱን ለኔ ትተውልኝ ነው።"

"የምን ወረቀት?"

"የሳምንቱን ነዋ። ሞልተውት ነው የሄዱት። በድርቅ ጊዜ አስቀድመው ነው የሚሞሉት፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እስከ እሑድ። በየቀኑ በሦስት ሰዓት አንዱን አንብብ፣ ከወረቀቱ ፈቀቅ እንዳትል ብለውኛል። ፈቀቅ አላልኩም።"

"እሺ። አንተ ውጪውን አይተኸዋል?"

"ውጪውን?" አለ፤ ጥያቄው ከሥራው ውጪ የሆነበት ይመስላል። "ውጪማ ይዘንባል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ረግረጉ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። ወረቀቱ ግን ዜሮ ነው የሚለው።"

ጠጋኟ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ መንሾካሾኩን እያዳመጠች ነበር። የተበላሸ መስመር ድምፁ አንድ ወጥ ነው። ይሄ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል። ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ የቀየረችለት ድምፅ በሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር።

ስልኩን ሰጠቻቸው። ጋሼ ምናልባት ትንሽ ሰሙና ዘጉት። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣታቸውን እንደ ተማሪ ቆጠሩ።

"ከረግረጉ እስከ ድልድዩ አሥራ ስምንት ሰዓት ነው። አራት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከሞላ..." ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ጠፍቶ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያመነታው፣ የሚለምነው፣ የለመደችው ነገር። "ዛሬ በሰባት ሰዓት ድልድዩ ሥር ይደርሳል።"

ጠጋኟ የሚቀጥለውን ጠበቀች። "ይሆናል" ወይም "በአብዛኛው" ወይም ሌላ። አልመጣም።

ኃላፊው መጀመሪያ አላመነም። "በማኅተም ደረቅ ብለን፣ በአራተኛው ቀን ጎርፍ ልንል ነው? ማስረጃው የታለ?" አለ። ጠጋኟ መልሳ ደወለችና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችለት።

"ይሄ እኮ የመስመር ጩኸት ነው" አለ።

"ጠጋኝዋ ማን ናት አለቃ፣ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ዳግመኛ አዳመጠ። ቀዩን ብዕር ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ስልክማ ለወንድሟ በዚያ ሁሉ መሃል አሥር ጊዜ ሞክራለት ነበር፤ ወንዙ ጎድጓዳ ስለሆነ ከታች አይይዝም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ድልድዩ ላይ ደረሱ። ጋሼ ምናልባት ጃንጥላቸውንና መነጽራቸውን መኪናው ውስጥ ትተው በዳገቱ ወረዱ። ጠጋኟ ሰውየውን ከእነዚያ ሁለት ዕቃዎች ውጪ አይታቸው አታውቅም።

አርባው ሰው አያቸው። ሳቅ ከወንዙ ተነሳ።

"ኧረ ጋሼ ምናልባት መጡ! ምናልባት ሊዘንብ ነው?"

"ለአንዳንዶቻችን ብቻ ነው የሚዘንበው፣ አይደል ጋሼ?"

"ወንበር አምጡላቸው፤ ወይ ይቀመጣሉ ወይ አይቀመጡም!"

ጋሼ አሸዋው መሃል ደረሱና ቆሙ።

"ውጡ" አሉ።

"በከፊል ነው ጋሼ ወይስ..."

"ሁላችሁም። በሰባት ሰዓት ውሃ ይመጣል።"

ሳቁ ቆመ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። አሸዋው ደረቅ ነው። የሰማው ሁሉ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ፤ የሚያለዝበውን፣ የሚመልሰውን። አልመጣም። በዝምታው መሃል ከእግራቸው ሥር እንቁራሪቶቹ መጮህ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ አሸዋ አውጪ ምንም ሳይል አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ዳር መሄድ ጀመረ። "አባባ፣ አመኑ እንዴ?" ቢሉት ሳይዞር መለሰ።

"ውሃውንስ እንጃ። እኔ የፈራሁት ሰውየውን ነው።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። መኪኖቹ ተነሱ፤ ሰው እየተከታተለ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንዙ ውስጥ የቀረው የአሸዋ ክምር፣ የቆርቆሮው ዳስና ትልቁ ወንፊት ነበር። አርባ ሰውና ከቢሮው የመጡት ሦስቱ ዳር ላይ ተደርድረው ባዶ ወንዝ ማየት ጀመሩ።

ባዶ ወንዝ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ደስ አይልም። መጠበቅ ራሱ የሆነ ነገር የሚጠራ ይመስላል። ኃላፊው በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ሰባት ሰዓት ሆነ። ምንም። ሰባት ከአምስት። አንድ ሰው ሳል አለ። ሰባት ከስምንት ሲሆን አንዱ "እንግዲህ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"እታለም" አለ ወንድሟ። "ወንፊቱን ላምጣው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።"

"ተው።"

"ምን ተው አለው? ደረቅ ነው እኮ።" አንድ እግሩን ወደ ቁልቁለቱ አወረደ።

ጋሼ ምናልባት እጅጌውን ያዙት። በሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነክተው የማያውቁ፣ ሲጨባበጡ እንኳ በጣት ጫፍ የሚጨብጡ ሰውዬ፣ እጅጌውን ጨምድደው ያዙት። ጨርቁ ትከሻው ላይ ተቀደደ። ወንድሟ ሊናገር አፉን ከፈተ።

እንቁራሪቶቹ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ።

ቀጥሎ ብርድ መጣ። ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል፣ የምድር ቤት በር እንደተከፈተ ያለ ብርድ፤ የራሰ አፈር ሽታ ይዞ። ፀሐይዋ እዚያው ላይ ናት። ጠጋኟ ድምፁን ከሁሉም ቀድማ ሰማችው፤ ስለምታውቀው። ከፍ የሚል፣ ዝቅ የሚል፣ የሚገፋ፣ የሚመለስ። ሦስት ቀን ሙሉ ከስልኩ ልታስወጣው የታገለችው መንሾካሾክ አሁን ያለ ስልክ፣ በገዛ ወንዙ፣ ወደ እሷ እየመጣ ነበር።

ውሃው ሲታይ ውሃ አይመስልም። ቡናማ፣ በቅጠልና በእንጨት የተሸፈነ፣ ወፍራም ምላስ፤ የሚሮጥ ሳይሆን የሚፈልግ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይሄ ግን አልሳቀም። የቆርቆሮውን ዳስ ደረሰበት፣ ትንሽ ዞር አደረገው፣ የወደደው ይመስል ይዞት ሄደ። ወንፊቱ አንዴ ቀና ብሎ ጠፋ። የአሸዋ ክምሮቹ አንድ በአንድ፣ ሰው እንደሚያጎነብስ፣ ጎንበስ አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሰማይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ወንድሟ ያወረደውን አንድ እግሩን አነሳ። ቆሞበት የነበረውን ቦታ ሲፈልገው የለም።

ጋሼ ምናልባት እጅጌውን ለቀቁና ሰዓታቸውን አዩ።

"አሥራ አንድ ደቂቃ ተሳሳትኩ" አሉ በሐፍረት። "እርግጠኛ ነገር የማልወደው ለዚህ ነው።"

ሰኞ ሌላ ሳምንት ነው። አቧራው ረግቷል፤ ውሾቹም ሰው ላይ መጮህ ጀምረዋል። እማማ ላይኛዋ ከልጃቸው ተመልሰው በሦስት ሰዓት ከሩብ ደወሉ። ስለ ልጅ ልጃቸው ክብደት፣ ባለሱቁ ስላልመገባቸው ዶሮዎች፣ በዚያ ወረቀት ምክንያት ስለደረሰባቸው ተግሣጽና ስለ ወገባቸው ተናገሩ። ጠጋኟ አንዱንም አላቋረጠቻቸውም።

"ቁጥሩስ እማማ?"

"ዜሮ ነው ልጄ። ትንሽ ጤዛ አለበት፤ ምን ልበል?"

ከድምፃቸው ጀርባ አንድ ነገር ይንሾካሾካል።

"እማማ፣ እየዘነበ ነው እንዴ?"

"ምን ዝናብ አመጣሽ፣ ፀሐይ አናት ይበሳል።"

ገመዱን ነካካችው። አልጠፋም። አንድ ወጥ ነው? ይመስላል። ወይስ ከፍ ዝቅ ይላል? ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች፤ መለየት አልቻለችም። ዘጠኝ ዓመት የመሣሪያ ጆሮ ያላት ሴት፣ ወይ ጠብቋል ወይ አልጠበቀም የምትል ሴት፣ መለየት አልቻለችም። ስልኩን ለጋሼ ምናልባት አቀበለቻቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ሰሙ። በዚያው መሃል የእሷ የእጅ ስልክ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

"እታለም፣ ወንዙ ጎድሏል። አዲስ አሸዋ አምጥቶልናል፣ እንዲህ ያለ አሸዋ አይተሽ አታውቂም። ጋሼን ጠይቂልኝ፣ እንውረድ?"

ጠጋኟ ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ያ የሚያመነታ፣ የሚለምን ነገር ወደ ፊታቸው ተመልሶ ነበር፤ ስታየው ሳታስበው ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ወጣ።

"ምናልባት" አሉ።

"ምናልባት ነው ያሉት" አለችው ለወንድሟ።

ድሮ ቢሆን ይሳደብ ነበር።

"እሺ" አለ። "አንወርድም። ከዳር እናወጣለን። እጅጌዬን ሰፋሁት በያቸው።"

"በየት በኩል ነው የተቀደደው?" ብለው ጠየቁ ጋሼ፣ ሰምተው።

"በአንዳንድ ስፍራዎች" አለች።

ጠጋኟ የሳምንቱን ትንበያ ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። ኃላፊው ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ቀዩ ብዕር ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ አላወጣውም። ያንን ቃል በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ጻፈችው። የመጨረሻውን ፊደል ስትጨርስ፣ ቡሎን እንደምታጠብቅ፣ ጫን አድርጋ የብዕሩን ጫፍ አንድ ጊዜ አዞረችው።